ሃምሳ ሎሚ

ሰው የሚያውቀውን ለሌላው ማካፈሉ ምስጋና የሚገባው ሥራ ነው። የማያውቀውንም ሲጠየቅ «አላውቅም» ብሎ መመለሱ ከዚያ ያላነሰ ክብር አለው። በሁለቱ መካከል ግን አንድ ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ያላወቁትን ያወቁ መስሎ ታይቷቸው በሙሉ ልብ ማስተማር ነው። በዚህ በሦስተኛው ወገን የሚገኝ ሰው ዋሸ አይባልም፤ የሚናገረውን እርሱ ራሱ ያምነዋልና። የሚያደርሰው ጉዳት ግን ውሸት ከሚያደርሰው አያንስም። ይህን የምንጽፈው ስለ ሌላ ሰው ሰምተን አይደለም፤ በራሳችን ከደረሰው ተነሥተን ነው እንጂ።

እኛ የ12ኛ ክፍል ትምህርታችንን ፈጽመን ወደ መንግሥት ሥራ ከገባን እነሆ አሥራ አምስት ዓመት ሆነን። አሳባችን ትምህርታችንን ለመቀጠል ነበር፤ የቤት ችግር ግን አልፈቀደልንም። ይሁን እንጂ በዘመዶቻችን ዘንድ «የተማረው» የሚባለው ሰው እኛ ነን። ማመልከቻ የሚያስጽፍ፥ የደረሰውን ደብዳቤ የሚያስነብብ፥ ልጁን ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያስገባ የሚመክር ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። ይህ ማዕረግ በማኅተም የጸደቀ አይደለም፤ ቢሆንም ሳይታወቀን ወደነዋል። ስለዚህ በገጠር የምትኖረው ታላቅ እኅታችን ልጇን «ከአጎቱ ዘንድ ሆኖ ይማር» ብላ በላከችልን ጊዜ ደስ እያለን ተቀበልነው። ልጁ ዛሬ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው።

አንድ ቀን ማታ፥ እራት ተበልቶ ገበታው ከተነሣ በኋላ፥ ልጁ ደብተሩን ይዞ ቀረበና «ጋሼ፥ ይህች ነገር አልገባ አለችኝ» አለን። ደብተሩን ተቀብለን ብንመለከት የካልኩለስ ጥያቄ ነው። ካልኩለስ የሚባለው የሒሳብ ትምህርት፥ አንድ መጠን ሲለወጥ በእርሱ ላይ የተመሠረተው ሌላው መጠን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለወጥ የሚመረምር ነው። ይህ የለውጥ ፍጥነት በተማሪ ቤት ዴሪቬቲቭ ይባላል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «የለውጥ ልክ» እንለዋለን። ልጁ የተጠየቀው የአንድ ክፍልፋይ የለውጥ ልክ ነበር። ክፍልፋዩም፥ ተለዋዋጩን ቁጥር «ሰ» ብለን ብንጠራው፥ እንዲህ የሚል ነው፦

(2ሰ + 1) / (ሰ + 3)

እኛ ይህን ትምህርት በዘመናችን ተምረነው ነበር፤ የቀረልን ግን ፍርፋሪው ብቻ ነው። ድምር የሆነ ነገር ሲቀርብ የእያንዳንዱን የለውጥ ልክ ለየብቻ ፈልጎ መደመር እንደሚገባ አስታወስን። ለድምር የሚሠራው ለማካፈልም የሚሠራ መስሎን፥ አንድ አፍታ እንኳ ሳናመነታ እንዲህ አልነው፦ «የላዕሉን ለብቻ ፈልግ፤ የታሕቱንም ለብቻ ፈልግ፤ ከዚያ የላይኛውን ለታችኛው አካፍል። የላዕሉ የለውጥ ልክ 2 ነው፤ የታሕቱ 1 ነው፤ መልሱ 2 ነው።»

«እንዲህ ቀላል ነው እንዴ?» አለ ልጁ።

«ነገሩን የሚያከብዱት መምህራን ናቸው እንጂ ቀላል ነው» ብለን ሳቅን። እርሱም ከእኛ ጋር ሳቀ፤ ሌሎቹንም ጥያቄዎች በዚሁ ደንብ ሠርቶ ተኛ። በኪሱ የያዘው ስልክ ትክክለኛውን መልስ በቅጽበት ሊነግረው ይችል ነበር። እርሱ ግን ያመነው አጎቱን ነው።

ዐሥር ቀን ያህል ካለፈ በኋላ ከሥራ ወደ ቤታችን ስንገባ የፈተናው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አየን። ሦስት ጥያቄዎች በቀይ ቀለም ተሰርዘዋል፤ ሦስቱም የክፍልፋይ ጥያቄዎች ናቸው። ከአንደኛው አጠገብ መምህሩ «ይህን ደንብ ከየት አገኘኸው?» ብለው ጽፈዋል። ፊታችን ጋለ። ልጁን ጠርተን «ለመምህሩ ምን ብለህ መለስህ?» ብንለው፥ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ «ከራሴ ነው አልኳቸው» አለን።

«ስለ ምን እንዲህ አልህ?»

ጥቂት ዝም አለና «የተማሩ አጎት አሉኝ ብዬ ለጓደኞቼ ነግሬያቸው ነበር» አለ።

በመሥሪያ ቤት ሳለን ከአለቆቻችን ተግሣጽ የተቀበልንበት ጊዜ አለ፤ ከዚህ ቃል የበለጠ የከበደን ግን አላጋጠመንም። ልጁ ስለ ማርኩ አልወቀሰንም፤ ክብራችንን በራሱ ስሕተት ሸፍኖ ነው ያለፈው። ያን ሌሊት መጽሐፉን ተውሰን እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ተቀመጥን።

አስቀድመን የመረመርነው፥ የተሳሳተው ደንብ እንዲያ የጣመን ስለ ምን እንደ ሆነ ነው። አንድ ሰው ደመወዝ አለው፤ የቤት ኪራይም ያገኛል እንበል። ደመወዙ በ200 ብር፥ ኪራዩ በ100 ብር ቢጨምር ጠቅላላ ገቢው በ300 ብር ይጨምራል። በድምር ጊዜ እያንዳንዱ ለውጥ ሌላውን ሳይነካ ለብቻው ይቆጠራል። በማካፈል ጊዜ ግን እንደዚህ አይደለም። ላዕሉ ሲያድግ ክፍልፋዩን ከፍ ያደርገዋል፤ ታሕቱ ሲያድግ ግን ዝቅ ያደርገዋል። ሁለቱ በአንድ ገመድ በተቃራኒ ወገን እንደሚጎትቱ ናቸው፤ የአንዱን ጉልበት ለሌላው ጉልበት በማካፈል ገመዱ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም።

ይህን ስናሰላስል ከሕፃንነታችን ጀምሮ የምንሰማው ተረት ትዝ አለን። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ። ይህ ተረት ስለ መረዳዳት የሚነገር ምክር ብቻ መስሎን ነበር የኖርነው፤ ለካስ ክፍልፋይም ኖሯል። የሰዎቹን ቁጥር «ሰ» ብንለው የእያንዳንዱ ሰው ሸክም 50/ሰ ነው። እንግዲህ ለልጁ ያስተማርነውን ደንብ በዚህ ላይ ብናውለው ምን ይሆናል? ላዕሉ 50 ነው፤ የማይለወጥ ቁጥር ስለ ሆነ የለውጥ ልኩ ዜሮ ነው። የታሕቱ የለውጥ ልክ 1 ነው። ዜሮ ለ1 ሲካፈል ዜሮ ነው። ይህም ማለት፥ ሰው ቢጨመርም ባይጨመርም የአንዱ ሸክም ምንም አይለወጥም ማለት ነው! በእኛ ደንብ መሠረት አንዱም ሰው ሃምሳውም ሰው እኩል ይደክማሉ። ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ መዋጮ ያዋጣ ሰው ሁሉ ይህ ሐሰት መሆኑን ያውቀዋል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ የሚያውቀውን እውነት የሚያፈርስ ደንብ አስተምረን ነበርና፥ ብቻችንን ተቀምጠን ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየልንም።

ከዚህ በኋላ ቁጥሮቹን በየተራ ጻፍን። ሎሚውን የሚሸከመው አንድ ሰው ሲሆን 50 ይደርሰዋል፤ ሁለት ሲሆኑ 25፤ አምስት ሲሆኑ 10፤ ዐሥር ሲሆኑ 5፤ ሃያ አምስት ሲሆኑ 2፤ ሃምሳ ሲሆኑ 1። ከዚህ የምንማረው ሸክሙ መቀነሱን ብቻ አይደለም፤ የአቀናነሱም ልክ ራሱ የሚለዋወጥ መሆኑን ነው። ሁለተኛው ሰው በመጣ ጊዜ ለመጀመሪያው ሰው 25 ሎሚ አቃለለለት። ሃምሳኛው ሰው በመጣ ጊዜ ግን ለቀደሙት ለእያንዳንዳቸው ያቃለለላቸው የአንዲት ሎሚ አርባ ዘጠነኛ እጅ ብቻ ነው። መጀመሪያ የደረሰ ረዳት እና መጨረሻ የደረሰ ረዳት እኩል አይደሉም።

ይህን በደንብ ለመግለጽ ሒሳቡን ከሥሩ ጀመርን። በሰዎቹ ቁጥር ላይ ጥቂት ይጨመር፤ ይህን ጥቂት «ጠ» እንበለው። ሰው በክፍልፋይ የሚጨመር ፍጥረት አይደለም፤ ሒሳብ ግን ቁጥሩን እንደ ወራጅ ውኃ ያለ ማቋረጥ የሚያድግ አድርጎ ይመለከተዋል። አዲሱ ሸክም 50/(ሰ + ጠ) ነው፤ የቀድሞው 50/ሰ ነበር። ልዩነቱ፦

50/(ሰ + ጠ) − 50/ሰ

ነው። እዚህ ላይ ሌላ ምሥጢር የለም፤ በታችኛው ክፍል የተማርነው የጋራ ታሕት መፈለግ ብቻ ነው። የጋራው ታሕት ሰ × (ሰ + ጠ) ይሆናል፤ ላዕሉም 50ሰ − 50(ሰ + ጠ) ይሆናል። ከላይ 50ሰ ከ50ሰ ጋር ይጣፋና −50ጠ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ልዩነቱ፦

−50ጠ / (ሰ × (ሰ + ጠ))

ነው። ይህን ለጭማሪው ለ«ጠ» ስናካፍለው ከላይ ያለው «ጠ» ይጠፋና −50 / (ሰ × (ሰ + ጠ)) ይቀራል። አሁን «ጠ» እየቀነሰ እየቀነሰ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ሰ + ጠ ከሰ ጋር ወደ መተካከል ይደርሳል። መጨረሻውም −50 / (ሰ × ሰ) ነው።

ተማሪዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲጠነቀቁ እንመክራለን። «ጠ»ን ከላይና ከታች ሳያጣፉ አስቀድሞ ዜሮ ማድረግ አይገባም፤ ይህን ያደረገ ሰው ዜሮን ለዜሮ ሲያካፍል ይገኛልና። በሒሳብም እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ ቅደም ተከተል አለ። የመቀነስ ምልክቱም በስሕተት የገባ አይደለም፤ ሰው ሲበዛ ሸክሙ እንደሚቀንስ የሚመሰክር ነው። መልሱን ብንፈትነው፥ ሰዎቹ አምስት ሲሆኑ የለውጥ ልኩ 50 ለ25 ተካፍሎ 2 ነው። በእውነት ብንቈጥር አራት የነበሩት አምስት ሲሆኑ ሸክሙ በ2.5 ይቀንሳል፤ አምስት የነበሩት ስድስት ሲሆኑ በ1.67 ያህል ይቀንሳል። 2 በሁለቱ መካከል በሥፍራው ተቀምጦ ተገኘ።

ይህ ከታወቀ የልጁ ጥያቄ ራሱ በሩን ከፈተልን። 2ሰ + 1 ማለት 2(ሰ + 3) − 5 ማለት ነው፤ ስለዚህ ክፍልፋዩ 2 − 5/(ሰ + 3) ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ይህም ያው የሎሚው ነገር ነው፤ አምስት ሎሚ ለሰ + 3 ሰዎች እንደ ማካፈል ያለ፥ ከ2 ላይ የሚቀነስ። የሚቀነሰው እያነሰ ሲሄድ የሚቀረው እያደገ ይሄዳልና የለውጥ ልኩ 5 / ((ሰ + 3) × (ሰ + 3)) ነው። እኛ «መልሱ 2 ነው» ያልነው እንግዲህ ምን ያህል የራቀ ነበር! ሰ ዜሮ ሲሆን የክፍልፋዩ ዋጋ አንድ ሦስተኛ ነው፤ ሰ 7 ሲሆን 1.5፤ ሰ 97 ሲሆን 1.95። ሰ የቱን ያህል ቢያድግ 2 አይደርስም። በእኛ ቃል መሠረት ግን በየአንዱ እርምጃ 2 እየጨመረ ቢሄድ ኖሮ፥ ከዜሮ እስከ 97 ድረስ ብቻ 194 በጨመረ ነበር።

መጽሐፉ ለክፍልፋይ ሁሉ የሚሠራውን ደንብ ይሰጣል። የላዕሉን የለውጥ ልክ በታሕቱ ማባዛት፤ ከዚያ ላይ የታሕቱን የለውጥ ልክ በላዕሉ አባዝቶ መቀነስ፤ የተገኘውን ሁሉ ታሕቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ማካፈል። በልጁ ጥያቄ ላይ ብናውለው ከላይ 2(ሰ + 3) − (2ሰ + 1) ይመጣል፤ ይህም 5 ነው። ቅደም ተከተሉን ያዛወረ ሰው −5 አግኝቶ የሚያድገውን ይቀንሳል ይላል። በሁለት መንገድ ሄደን ከአንድ ቦታ ስለ ደረስን ልባችን ዐረፈ፤ በመስኮቱም ብንመለከት የጎረቤቱ መብራት ሁሉ ጠፍቷል።

በማግሥቱ ማታ ልጁን አጠገባችን አስቀምጠን «ያስተማርንህ ስሕተት ነበር፤ ጥፋቱም የእኛ ነው» አልነው። ይህን አረፍተ ነገር ለመናገር ቀኑን ሙሉ ስንለማመደው ውለን ነበር፤ ሲወጣ ግን አጭር ነው። ከዚያ የሎሚውን ሒሳብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሠርተን አሳየነው። ልጁ ዝም ብሎ ሲከታተል ቆየና አንድ ጥያቄ ጠየቀን፦ «ጋሼ፥ ሎሚው የሚካፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ በለውጡ ላይ ግን ለሰ ሁለት ጊዜ የተካፈለው ስለ ምንድን ነው?»

እኛም ስሌቱን መቈጣጠር ተምረን ነበር እንጂ ይህን አላሰብነውም። ደግነቱ ያን ማታ «አላውቅም» ማለት ከቀድሞው ይልቅ ቀለለን። ልጁ እርሳሱን ይዞ ጥቂት ሲጭር ቆየ፤ ድንገት ቀና ብሎ «ገባኝ!» አለ። «አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው 12.5 ይዘው ሳለ አምስተኛው ሲመጣ የራሱን ድርሻ 10 ሎሚ ይወስዳል፤ ይህ አንዱ ማካፈል ነው። ዐሥሩን የወሰደው ግን ከአንድ ሰው ላይ አይደለም፤ ከአራቱም ላይ ጥቂት ጥቂት ነው። ስለዚህ ያ ዐሥሩ እንደ ገና ለአራት ይካፈልና ለእያንዳንዳቸው 2.5 ይቀልላቸዋል፤ ይህ ሁለተኛው ማካፈል ነው። አዲሱ ሰው የሚያመጣው ዕረፍትም እንደ ሎሚው ይካፈላል ማለት ነው።»

እውነቱን ነው። በስሌታችን ውስጥ ሰ × (ሰ + ጠ) ተብሎ የተጻፈው ይኸው ነበር፤ ሰ + ጠ አዲሱ ድርሻውን የሚወስድበት ነው፤ ሰ ደግሞ የቀደሙት ዕረፍቱን የሚካፈሉበት ነው። እኛ በፊደልና በምልክት ያየነውን እርሱ በሰውና በሎሚ አየው። በዚያች ሰዓት የተማረው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቀን ቢኖር መልሱ አይጠፋንም ነበር።

ከዚህ በኋላ ለመምህሩ አጭር ደብዳቤ ጻፍን። ልጁ «ይተዉት ጋሼ፥ ማርኩ እንደ ሆነ አይመለስም» ብሎ ለመነን፤ እኛ ግን ማርኩን አስበን አልነበረም። በአሥራ አምስት ዓመት አገልግሎታችን ቁጥር የሌለው ደብዳቤ አርቅቀናል፤ «ደንቡን ያስተማርነው እኛ ነን፤ ልጁ ከራሴ ነው ያለው እኛን ለመሸፈን ነው» የሚለውን ያህል ግን ብዙ ጊዜ የቀደድነውና የጻፍነው የለም። ማርኩ አልተለወጠም፤ ሊለወጥም አይገባውም ነበር። መምህሩ ግን «ለአጎትህ ደብዳቤያቸው ደርሶኛል በላቸው» ብለው፥ ልጁን ወደ ጥቁር ሰሌዳው ጠርተው የሎሚውን ነገር ለክፍሉ እንዲያስረዳ አደረጉት።

ጥቂት ቀን ቆይተን በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ካልኩለስ አመጣጥ ስናነብ አንድ የሚያጽናና ነገር አገኘን። ይህን ጥበብ ካቆሙት ሁለት ታላላቅ ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ላይብኒትስ ነው፤ ሁለተኛው እንግሊዛዊው ኒውተን መሆኑን ብዙዎች ያውቁታል። ላይብኒትስ ሥራው መምህርነት አልነበረም፤ በ1672 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር በመንግሥት ጉዳይ ወደ ፓሪስ የተላከ፥ ኋላም በሃኖቨር መሳፍንት ዘንድ አማካሪና የቤተ መጻሕፍት ሹም ሆኖ እስከ ዕለተ ሞቱ ያገለገለ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ስለ ግዕዝና ስለ አማርኛ በመጻፍ ከታወቀው ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋርም ስለ ቋንቋዎች ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። ይህ ሰው በ1675 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር፥ የ29 ዓመት ጐልማሳ ሳለ፥ በወረቀቱ ላይ አንድ ጥያቄ አሰፈረ፤ የብዜት ለውጥ የለውጦቹ ብዜት ይሆንን? የክፍልፋይስ ለውጥ የለውጦቹ ክፍልፋይ ይሆንን? ይህ ሁለተኛው እኛ ለልጁ የሰጠነው ደንብ ራሱ ነው!

ነገር ግን በእርሱና በእኛ መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። እርሱ አሳቡ ስለ ጣመው ብቻ አላመነውም፤ በዚያው ወረቀት ላይ ፈትኖት እንደማይሠራ ደረሰበት። ትክክለኛውን ደንብ በ1684 ዓ.ም. በላይፕሲክ በሚታተም መጽሔት ሲያወጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር። የጽሑፉም ርእስ፥ ይህ አዲስ ዘዴ በክፍልፋይ ቁጥሮች የማይታገድ መሆኑን ያበሥራል። እርሱ በጥያቄ ምልክት የጻፈውን እኛ በአራት ነጥብ ጻፍነው፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

እኛ ይህን የመሰለ ሊቅ ጥያቄ ላይ ወድቀን መገኘታችን አያስመካንም፤ አንድ ነገር ግን አስተምሮናል። በየመሥሪያ ቤታችን «እንዲህ ነው የሚሠራው» ብለን ለአዲሱ ሠራተኛ የምናስተላልፈው ስንት ደንብ አለ? ከእነዚህ ውስጥ ምክንያቱን ጠይቀን የፈተንነው ስንቱን ነው? መምህር የሆነ ሰው ተማሪው «ይህን ከየት አገኘኸው?» ተብሎ ሲጠየቅ ከኋላው የቆመ ሌላ ሰው ሊኖር እንደሚችል ያስብ። ተማሪም ደንብ በተሰጠው ጊዜ፥ የሰጠው አጎቱም ቢሆን፥ አስቀድሞ በሚያውቀው ትንሽ ነገር ይፈትነው። ሃምሳ ሎሚ ይበቃል።

የእኅታችን ልጅ አሁንም ማታ ማታ ደብተሩን ይዞ ይመጣል። እኛም አንድ ነገር ከመናገራችን በፊት «እስቲ በቁጥር እንየው» እንላለን። ለጓደኞቹ ስለ እኛ የነገራቸውን መልሶ አልነገራቸው እንደ ሆነ አልጠየቅነውም፤ ከእንግዲህ ግን ቃሉን እውነት ለማድረግ ከእርሱ ጋር አብረን መማር ጀምረናል።